የሥራ ፈጠራ ሥልጠናና የዓለም አቀፍ ትብብር፤ ከውጭ የተገኘው ዕውቀት የራስ የሚሆንበት መንገድ

1. መግቢያ

በታዳጊ አገሮች የትምህርት ዕቅድ ውስጥ ከፍተኛ ግምት ከሚሰጣቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ትምህርቱን ጨርሶ የሚወጣው ወጣት ሥራ ፈላጊ ብቻ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪም እንዲሆን ምን ዓይነት ሥልጠና ያስፈልገዋል የሚለው ነው። ቀደም ባለው ጊዜ የቀለም ትምህርቱን ያጠናቀቀ ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በአንድ ድርጅት ተቀጥሮ እንደሚሠራ ይታሰብ ነበር። ዛሬ ግን በየዓመቱ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ወጣት ቁጥር በየዓመቱ ከሚገኘው የቅጥር ቦታ እጅግ ይበልጣል። ስለሆነም አያሌ መንግሥታት የሥራ ፈጠራ ትምህርትን በሙያ ማሠልጠኛዎች፣ በከፍተኛ ትምህርት ተቋማትና ከመደበኛ ትምህርት ውጭ በሚሰጡ ሥልጠናዎች ውስጥ አስገብተዋል።

ይህን ሥልጠና በማስፋፋት ረገድ የዓለም አቀፍ ትብብር ድርሻ ከፍተኛ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ የዓለም ባንክና የልዩ ልዩ አገሮች የተራድኦ ድርጅቶች ገንዘብ፣ ባለሙያና የማሠልጠኛ መጻሕፍት ያቀርባሉ። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ሲያልቅና ባለሙያው ወደ አገሩ ሲመለስ ሥልጠናው አብሮ የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ትምህርቱም ለፈተና የሚሸመደድ ፍቺ ይሆናል። በዚህ ዓይነት የሚባክነው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የወጣቱ ጊዜና ተስፋም ጭምር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዓለም ላይ በሰፊው የተሠራባቸውን ሦስት የሥልጠና ዘዴዎች አመጣጥና አሠራር መግለጽ፣ ከእነዚህም ውስጥ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚጠቅመውን ትምህርት ማውጣት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

2. የቃላቱ ፍቺ

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ሁለት ቃላትን ለይቶ ማየት ይገባል። ፈጠራ ስንል ከዚህ በፊት ያልነበረ ዕቃ፣ አሠራር ወይም አገልግሎት ማስገኘት፣ ወይም የነበረውን አሻሽሎ በሥራ ላይ ማዋል ማለታችን ነው። ሥራ ፈጣሪነት ደግሞ አንድን ዕድል አይቶ፣ ገንዘብንና ጉልበትን አስተባብሮ፣ ሊደርስ የሚችለውንም ኪሣራ አመዛዝኖ ሥራን የማቋቋምና የማካሄድ ችሎታ ነው። አንድ ሸማኔ የመወርወሪያውን አሠራር ቢያሻሽል ፈጠራ አሳየ ይባላል። በተሻሻለው መሣሪያ የሚሠራውን ጥበብ የሚገዛ ደንበኛ ፈልጎ፣ ዋጋውን ተምኖ፣ ሌሎች ሠራተኞችን ጨምሮ ሥራውን ቢያስፋፋ ግን ሥራ ፈጣሪ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ ችሎታዎች የተያያዙ ቢሆኑም አንዱ ባለበት ሁሉ ሌላው ይገኛል ማለት አይደለም። ሥልጠናም ሁለቱን ለየብቻ ሊያዳብራቸው ይችላል።

3. የጠባይ ሥልጠና፤ ከካኪናዳ እስከ ኢምፕሬቴክ

ሥራ ፈጣሪነት በትውልድ የሚገኝ ስጦታ ነው ወይስ በትምህርት የሚዳብር ችሎታ? ይህን ጥያቄ በሰፊው ካጠኑት ምሁራን አንዱ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና መምህር የነበሩት አሜሪካዊው ዴቪድ ማክሌላንድ ናቸው። ማክሌላንድ በ1961 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የአንድ ኅብረተሰብ የኢኮኖሚ ዕድገት በውስጡ ካሉት ሰዎች የስኬት ፍላጎት ጋር የተያያዘ መሆኑን ለማስረዳት ሞክረዋል።

ለጥናታቸው ከተጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ቀላል ጨዋታ ነበር። ተጫዋቹ በመሬት ላይ በተተከለ እንጨት ላይ ቀለበት እንዲወረውር ይደረጋል፤ የሚቆምበትን ርቀት የሚመርጠው ግን ራሱ ነው። አንዳንዱ እንዳይስት ብሎ ከእንጨቱ አጠገብ ይቆማል፤ ሌላው ዕድሉን ለመሞከር እጅግ ርቆ ይቆማል። የስኬት ፍላጎት ያለው ሰው ግን አስቸጋሪ ሆኖ ሊደረስበት የሚችል መካከለኛ ርቀት ይመርጣል። ከዚህ የምንረዳው ሥራ ፈጣሪ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቁማርተኛ አለመሆኑን፣ ይልቁንም ችሎታውን ከሥራው ክብደት ጋር የሚያመዛዝን ሰው መሆኑን ነው።

ሐሳቡ በተግባር የተሞከረው በሕንድ አገር ነው። ከ1964 ጀምሮ በአንድራ ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር ከካኪናዳ ከተማ የተውጣጡ አነስተኛ ነጋዴዎችና ባለ ኢንዱስትሪዎች በሃይደራባድ በሚገኝ የአነስተኛ ኢንዱስትሪ ማሠልጠኛ ተቋም አጭር ሥልጠና ተሰጣቸው። ማክሌላንድና ባልደረባቸው ዴቪድ ዊንተር በ1969 ባወጡት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ የሠለጠኑት ሰዎች ካልሠለጠኑት ይልቅ አዲስ ሥራ በመጀመርና ሠራተኛ በመቅጠር የበለጠ ትጋት አሳይተዋል።

በ1980ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት ርዳታ በሕንድ፣ በማላዊና በኤኳዶር ጥናት ተካሄደ። ሦስቱ አገሮች በሦስት ክፍላተ ዓለም የሚገኙ፣ በቋንቋም በልማድም የማይገናኙ ናቸው። ጥናቱ የተሳካላቸውን ሥራ ፈጣሪዎች ከሌሎች ጋር በማነጻጸር የሚለዩባቸውን ጠባዮች ለማውጣት ሞከረ። ከዚህ ሥራ የመነጩት የሥራ ፈጣሪ ጠባዮች በ10 ተመድበው ዛሬም ይሠራባቸዋል። እነርሱም፣

ሀ) ከስኬት ፍላጎት ጋር የተያያዙ፦ ዕድልን ፈልጎ ቀድሞ መነሣት፣ ጽናት፣ የገቡትን ውል መፈጸም፣ ለጥራትና ለቅልጥፍና መጨነቅ፣ ያመዛዘነ ድፍረት፤

ለ) ከዕቅድ ጋር የተያያዙ፦ ግብ መወሰን፣ መረጃ መፈለግ፣ በዘዴ ማቀድና አፈጻጸሙን መከታተል፤

ሐ) ከተሰሚነት ጋር የተያያዙ፦ ሰዎችን ማሳመንና ግንኙነት መመሥረት፣ በራስ መተማመን ናቸው።

እነዚህን ጠባዮች መሠረት በማድረግ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተቋቋመው የሥልጠና ፕሮግራም ኢምፕሬቴክ ይባላል። ስሙ ሥራ ፈጣሪና ቴክኖሎጂ ከሚሉት የስፓኝ ቃላት የተውጣጣ ነው። መጀመሪያ በ1988 በአርጀንቲና ሥራውን የጀመረ ሲሆን፣ በተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ አስተባባሪነት ከ40 በላይ ወደሆኑ አገሮች ተዛምቷል።

የሥልጠናው አሠራር ከተለመደው የክፍል ትምህርት የተለየ ነው። ሠልጣኙ አስቀድሞ በቃለ መጠይቅ ይመረጣል። ቃለ መጠይቁም ምን ታስባለህ ብሎ ሳይሆን፣ በዚህ በዚህ ጊዜ ምን አደረግህ ብሎ የሚጠይቅ ነው። ከዚያም ለ6 ቀናት ያህል ከጠዋት እስከ ማታ ልምምድ ያደርጋል። ገለጻው ጥቂት፣ ሥራው ብዙ ነው። ሠልጣኞች በልምምዱ ውስጥ ትንሽ ሥራ አቋቁመው ያካሂዳሉ፤ ትርፉንና ኪሣራውን ይተሳሰባሉ፤ ከዚያም የትኛው ጠባይ እንደረዳቸው፣ የትኛውም እንደጎደላቸው ራሳቸው ይመረምራሉ።

ለዕቅድ አውጪ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የአሠልጣኙ አዘገጃጀት ነው። በመጀመሪያ ሥልጠናውን የሚመሩት ከሌላ አገር የመጡ ዋና አሠልጣኞች ናቸው። የአገሩ ባለሙያዎች መጀመሪያ ሠልጣኝ፣ ቀጥሎ ረዳት፣ በኋላም መሪ እየሆኑ በዋና አሠልጣኙ ፊት ችሎታቸውን ካስመሰከሩ በኋላ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። የትብብሩ ግብ የውጭውን ባለሙያ አላስፈላጊ ማድረግ ነው ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያም በዚህ ዘዴ የሚሠራ የሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮግራም በመንግሥትና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ትብብር በ2013 ተጀምሮ፣ ሥልጠናውን የሚሰጥ ማዕከል ተቋቁሟል። ማዕከሉም በኋላ ወደ ኢንስቲትዩትነት ተለውጧል።

4. የዓለም የሥራ ድርጅት ዘዴ፤ ከስዊድን ወደ ኬንያ

ሁለተኛው ዘዴ የሥራ አመራርን ዕውቀት መሠረት ያደረገ ነው። በ1970ዎቹ የስዊድን አሠሪዎች ፌዴሬሽን ለአነስተኛ ድርጅቶች ባለቤቶች ያዘጋጀው የማሠልጠኛ ጽሑፍ ነበር። የዓለም የሥራ ድርጅት በስዊድን መንግሥት ርዳታ ይህንኑ ለታዳጊ አገሮች እንዲስማማ አድርጎ አሻሻለው። ዛሬ በአራት ደረጃዎች፣ ይኸውም የሥራ ሐሳብ በማመንጨት፣ ሥራ በመጀመር፣ ሥራን በማሻሻልና በማስፋፋት ተከፋፍሎ ከ100 በላይ በሆኑ አገሮች ይሰጣል። አሠራሩም ዋና አሠልጣኝ አሠልጣኞችን፣ አሠልጣኞችም ባለ ሥራዎችን የሚያሠለጥኑበት ነው።

ለትምህርት ቤቶች ይበልጥ የሚቀርበው ግን በዚሁ ድርጅት የተዘጋጀው ስለ ንግድ ሥራ የማስተዋወቂያ ትምህርት ነው። ይህ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃና በሙያ ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ የታሰበ ሲሆን፣ አመጣጡ ልብ ሊባል ይገባዋል። መሠረቱ የተጣለው በአውሮፓ ሳይሆን በ1980ዎቹ መጨረሻ በኬንያ በተካሄደ የቴክኒክ ትብብር ፕሮጀክት ነው። ከዚያ በኋላ በጣልያን አገር በቱሪን ከተማ በሚገኘው የዓለም የሥራ ድርጅት ማሠልጠኛ ማዕከል ተሻሽሎ ወደ ሌሎች አገሮች ተሰራጭቷል። የትምህርቱ ዓላማ ተማሪው ወዲያውኑ ሱቅ እንዲከፍት ማድረግ ሳይሆን፣ በራስ ሥራ መተዳደር እንደሚቻል አውቆ አመለካከቱን እንዲያሰፋ ማድረግ ነው። ስለዚህም ለተማሪው መጽሐፍ ከመስጠት በፊት መምህሩን በአዲሱ የማስተማር ዘዴ ማሠልጠን ቅድሚያ ይሰጠዋል።

5. ካይዘን፤ ተቀባይ የነበረው ሰጪ የሆነበት ምሳሌ

ከዚህ በላይ የተገለጹት ሁለት ዘዴዎች ሥራን ማቋቋምን የሚመለከቱ ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ በተቋቋመ ሥራ ውስጥ የሚደረገውን የዕለት ተዕለት ፈጠራ ይመለከታል። ካይዘን በጃፓን ቋንቋ መሻሻል፣ ወደ ተሻለ መለወጥ ማለት ነው። ሠራተኛው ራሱ በሥራው ቦታ የሚታየውን ብክነት እያጠና፣ ብዙ ገንዘብ ሳያስወጣ፣ በትናንሽ ርምጃዎች ያለማቋረጥ የሚያሻሽልበት ዘዴ ነው።

ብዙዎች ካይዘን ከመጀመሪያው የጃፓን ልዩ ባህል ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ኢንዱስትሪዋ የፈራረሰ፣ ከአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ የምትቀበል አገር ነበረች። በ1950 አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤድዋርድስ ዴሚንግ በጃፓን የሳይንቲስቶችና የመሐንዲሶች ማኅበር ተጋብዘው ስለ ጥራት ቁጥጥር አስተማሩ። በ1955 የጃፓን የምርታማነት ማዕከል ተቋቋመ፤ ወደ አሜሪካም አያሌ የጥናት ቡድኖች ተላኩ። ጃፓኖች ግን የተማሩትን እንዳለ አልገለበጡትም። በአሜሪካ የመሐንዲሱ ሥራ የነበረውን የጥራት ቁጥጥር ወደ ተራው ሠራተኛ አወረዱት። ከ1962 ጀምሮ ሠራተኞች በቡድን ተሰብስበው የሥራቸውን ችግር የሚያጠኑበት የጥራት ቡድን በየፋብሪካው ተስፋፋ።

ከዚያም ጃፓን በተራዋ ሰጪ ሆነች። ከ1983 እስከ 1990 ሲንጋፖርን በምርታማነት ፕሮጀክት ረዳች። ሲንጋፖር ደግሞ ልምዷን በ1990ዎቹ ለቦትስዋና አካፈለች። ኢትዮጵያም በዚሁ መንገድ ተሳታፊ ሆናለች። በግንቦት ወር 2008 በዮኮሃማ ከተማ አራተኛው የቶኪዮ ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ልማት ጉባኤ ከተካሄደ በኋላ፣ በወቅቱ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ መለስ ዜናዊ የጃፓንን ትብብር ጠየቁ። ከ2009 ጀምሮም ከብረታ ብረት፣ ከጨርቃ ጨርቅ፣ ከቆዳ፣ ከኬሚካልና ከምግብ ማቀነባበሪያ ዘርፎች በተመረጡ 30 ድርጅቶች ሙከራ ተደረገ። ከሙከራው በኋላ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ይኸው ተቋም በኋላ የካይዘን የልህቀት ማዕከል ተብሏል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ሊሠመርባቸው ይገባል። አንደኛ፣ ጥያቄው የመነጨው ከተቀባዩ አገር ነው። ሁለተኛ፣ በ30 ድርጅቶች ሲሞከር የአገሩ ባለሙያዎች ከጃፓኖቹ ጎን ሆነው ስለሠሩ፣ ተቋሙ ሲመሠረት ሥራውን የሚይዝ ሰው ነበረው።

6. የሎሜ ጥናት ምን ያሳያል?

እስካሁን የተገለጸው የሥልጠናዎቹን አመጣጥ ነው። ውጤታቸውስ? ዴቪድ ማኬንዚና ክሪስቶፈር ውድረፍ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን በ2014 ባወጡት ጽሑፍ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ የሥልጠና ግምገማዎችን መርምረው ነበር። አብዛኞቹ ሥልጠናዎች በሠልጣኞቹ አሠራር ላይ ያስከተሉት ለውጥ አነስተኛ ሆኖ መገኘቱን ገልጸዋል። ስለዚህ ችግሩ ከሥልጠናው ይዘት ይሆን የሚል ጥያቄ ተነሣ።

ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ከሰጡት ጥናቶች አንዱ በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ የተካሄደውና በ2017 የታተመው ነው። 1,500 አነስተኛ ሥራ ያላቸው ሰዎች በዕጣ በሦስት እኩል ቡድኖች ተከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን የተለመደውን የሒሳብ አያያዝ፣ የገበያና የሥራ አመራር ትምህርት ተማረ። ሁለተኛው ቡድን ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሚካኤል ፍሬዘ ያዳበሩትን፣ ሰው ሳይቀሰቅሰው በራሱ የመነሣት፣ የወደፊቱን አስቀድሞ የማየትና እንቅፋት ሲያጋጥም ያለመታከት ሥልጠና ወሰደ። ሦስተኛው ቡድን ለማነጻጸሪያ ያህል ሥልጠና ሳይሰጠው ቀረ። ለሁለቱም ሠልጣኝ ቡድኖች የተሰጠው ጊዜ እኩል ሲሆን፣ በ4 ሳምንት ውስጥ የ36 ሰዓት የክፍል ትምህርት ከተሰጠ በኋላ አሠልጣኙ ለ4 ወራት በየወሩ እየሄደ በሥራ ቦታቸው ጎብኝቷቸዋል።

ሁለት ዓመት ከሚበልጥ ክትትል በኋላ የሁለተኛው ቡድን ትርፍ ካልሠለጠኑት በ30 በመቶ በልጦ ተገኘ። የመጀመሪያው ቡድን ልዩነት ግን 11 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ይህም በአጋጣሚ ሊደርስ ከሚችለው ልዩነት ተለይቶ የሚታይ አልነበረም። በሴቶች ዘንድ ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ ታይቷል፤ በራስ የመነሣት ሥልጠና የወሰዱት ሴቶች ትርፍ በ40 በመቶ ሲጨምር፣ የተለመደው ሥልጠና ያስገኘው ጭማሪ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

ይህ ማለት ግን የሒሳብ አያያዝ አይጠቅምም ማለት አይደለም። መዝገብ የሚያዘው መዝገቡን የሚያስፈልገው ሥራ ሲኖር ነው። ተነሣሽነት ያለው ሰው ሒሳብን ሲያስፈልገው ይማረዋል፤ ሒሳብ መማር ብቻውን ግን ተነሣሽነትን አያስገኝም።

7. ለመምህራን

ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ ወደ መማሪያ ክፍል ሲወርድ ምን መልክ ይይዛል? አንድ መምህር የሥራ ፈጠራን ፍቺ በሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ አሥሩን ጠባዮች አስቆጥሮ፣ በፈተና ዘርዝሩ ብሎ ቢጠይቅ፣ ተማሪው ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን ከአሥሩ አንዱንም አልተለማመደም። ስለዚህ የሚከተሉትን መሞከር ይቻላል።

አንደኛ፣ የቀለበቱን ጨዋታ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ማካሄድ ነው። የሚያስፈልገው አንድ እንጨትና ጥቂት የገመድ ቀለበት ብቻ ነው። ተማሪዎች የመረጡት ርቀት ለምን እንደሆነ ሲወያዩ የድፍረትንና የማመዛዘንን ልዩነት ከማንኛውም ገለጻ በተሻለ ይረዱታል።

ሁለተኛ፣ ተማሪዎች በአነስተኛ ቡድን ተከፍለው፣ ከራሳቸው ባዋጡት ጥቂት ገንዘብ በአንድ መንፈቀ ዓመት ውስጥ ትንሽ ሥራ እንዲያካሂዱ ማድረግ ነው። ችግኝ ማፍላት፣ ሳሙና መሥራት፣ ቆሎ አዘጋጅቶ መሸጥ ሊሆን ይችላል። መምህሩ ሥራውን ሊመርጥላቸው አይገባም፤ ምርጫው ራሱ ትምህርት ነውና። ገበያ ወጥተው ዋጋ ይጠይቁ፤ ያወጡትንና ያገቡትን ይመዝግቡ። ቢከስሩም እንኳ የኪሣራውን ምክንያት በሚገባ ያስረዳው ቡድን ጥሩ ነጥብ ሊያገኝ ይገባዋል። ኪሣራ በነጥብ የሚያስቀጣ ከሆነ ተማሪው ከእንጨቱ አጠገብ ቆሞ መወርወርን ይለምዳል።

ሦስተኛ፣ ከአካባቢው ኑሮ ምሳሌ መውሰድ ነው። ዕቁብ የገቡትን ውል ስለ መፈጸም ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ያስተምራል፤ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው እስከ መጨረሻው ሳይጓደል የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ተማሪዎች ይመርምሩ። በአገራችን የሸማኔው፣ የቀጥቃጩ፣ የሸክላ ሠሪዋና የቆዳ ፋቂው ሙያ ለረጅም ዘመን ሲናቅ የኖረ መሆኑም የታወቀ ነው። እነዚህን ባለሙያዎች ወደ ክፍል ጋብዞ ስለ ሥራቸው እንዲያስረዱ ማድረግ ፈጠራን ማስተማር ብቻ ሳይሆን፣ ለፈጠራ እንቅፋት የሆነውን ንቀት መዋጋትም ነው።

8. ለዕቅድ አውጪዎች

አንድ የትብብር ፕሮጀክት ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው የገንዘቡ መጠንና የሚሠለጥኑት ሰዎች ብዛት ነው። ይሁን እንጂ ከላይ ከተመለከትናቸው ምሳሌዎች በመነሣት ሌሎች አራት ጥያቄዎችን ማቅረብ ተገቢ ይሆናል። የውጭው ባለሙያ ሲሄድ ሥራውን የሚረከበው የአገር ባለሙያ በስም ታውቋልን? ሥልጠናው የሚያስለምደው ጠባይን ነው ወይስ ቃላትን? ሠልጣኙን በሥራ ቦታው የሚጎበኘው ሰው ወጪ በበጀቱ ውስጥ ተይዟልን? ውጤቱስ የሚለካው በተሰጠው የምስክር ወረቀት ብዛት ነው ወይስ ሠልጣኙ ከዓመት በኋላ በሠራው ሥራ?

በተጨማሪም ሥልጠና ሊሠራው የማይችለውን ከሥልጠና መጠበቅ አይገባም። ብድር፣ የመሥሪያ ቦታ፣ መብራትና መንገድ በሌሉበት ተነሣሽነት ያለው ሰው እንኳ ሩቅ ሊሄድ አይችልም። በኢትዮጵያ በ2012 በዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር የተጀመረው የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት ሥልጠናን ከብድር ጋር አጣምሮ የተነሣው በዚሁ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሥራ አጥነትን ሁሉ የወጣቱ የተነሣሽነት ጉድለት አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ትምህርት ቤት ኃላፊነቱን የሚወስደው በእጁ ላለው ነገር ብቻ ነው።

9. ማጠቃለያ

ከካኪናዳ፣ ከኬንያና ከጃፓን ታሪክ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ዕውቀት ድንበር ተሻግሮ ሊመጣ ይችላል፤ ሥር የሚሰደው ግን ተቀባዩ ሲሞክረው፣ እንደ አገሩ ሁኔታ ሲለውጠውና የራሱን አሠልጣኝ ሲያፈራ ነው። ጃፓን የአሜሪካንን ትምህርት በዚህ ዓይነት ለውጣ ለሌሎች አስተማረች፤ በኬንያ የተጀመረው ትምህርትም ዓለምን ዞሯል። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደሚባለው ሁሉ፣ በውሰት የተያዘ ሥልጠናም የሚያምረው አዋሹ እስኪመለስ ድረስ ብቻ ነው። ወርቁን የራስ የማድረጉ ሥራ የሚጀመረው በዕቅድ አውጪው ጠረጴዛና በመምህሩ ክፍል ውስጥ ነው።